ክረምት እስኪገባ የተገዘተ ገብስ

የሰማይን ነገር እናውቃለን ከሚሉ ሰዎች ይሰውራችሁ። እኔን አልሰወረኝም። ለሌባ በር ይዘጋል፣ ለጅብ በረት ይታጠራል፤ «የዘንድሮ ክረምት እንዲህ ነው» ለሚል ሰው ግን ምን ይደረጋል? ጆሮ እንደሁ መዝጊያ አልተሠራለትም። ውሸታም ሁሉ ይቸኩላል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ የሰማይ ውሸታም ግን አይቸኩልም። ጢሙን ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ ወደ ጉና ተራራ አሻግሮ አይቶ፣ «እንግዲህ ዘንድሮ…» ብሎ ነው የሚጀምር። እኔም እዚያው ቁጭ እላለሁ። ያቺን «እንግዲህ ዘንድሮ» ሰምቼ ተነሥቼ የሄድኩበት ቀን የለም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ እኛው ጋይንት ነው። ያለፈው ክረምት ሳንሰናበተው ወጥቶ ሄዶ፣ ገብሱ ፍሬ ሳይቋጥር ደርቆ ነበር። ካጨድነው ላይ ገለባው ይበልጣል። ከዚያች ምርት ባለቤቴ እናኑ የተሻለውን መርጣ፣ አበጥራ፣ ለዘር ብላ በትንሿ ጎታ ከተተችና አፉን በእበት መረገችው። የቤታችን ሀብት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ጥማድ በሬ፣ ሦስት ልጅ፣ አንድ ጎታ ዘር። በሬውም ልጁም ይብላ ይላል፤ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ጎታው ብቻ ነው። ዘር ያለው ሰው በሬው ቢከሳ እንኳ ገበሬ ነው። ዘሩን የበላ ሰው ግን አገር ለቆ ከመሄድ በቀር ምን ይቀረዋል? ይህን ልጆቼም ያውቁት ነበር።

እነሱ ቢያውቁ ሆድ አያውቅም። ግንቦት ሲጋመስ ምግባችን ጎመን፣ ጎመኑ ሲያልቅ ሳማ ሆነ። ሳማ ከተቀቀለ በኋላ አያቃጥልም ይላሉ። እኔን ያቃጥለኝ ነበር፤ የሚያቃጥለኝ ግን ከጎታው አጠገብ ቁጭ ብዬ መብላቴ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቀን እናኑ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጎታውን በመዳፌ ቸብ ቸብ ሳደርገው አገኘችኝ።

«ምን እያረክ ነው፣ አንተ ሰው?»

«ምንም። ነቀዝ ገብቶበት እንደሁ ላዳምጠው ብዬ ነው።»

«ነቀዝስ ገብቶበታል» አለች ከእግሬ እስከ ራሴ እያየችኝ። «ቁመቱም አንተን ያህላል።»

በማግሥቱ የነፍስ አባታችንን ቄስ ወርቁን ይዛ መጣች። በአገራችን ሰው ራሱን ሲፈራ ይገዘታል። መጠጥ ሊተው ያሰበ፣ ከወንድሙ ጋር በድንበር ላይጣላ የቆረጠ፣ የነፍስ አባቱ ዘንድ ሄዶ «ይገዝቱኝ አባ» ይላል። ይህ ወግ ነው። ሚስቱ በቤቱ ያስገዘተችበት ሰው ግን ከእኔ በፊት መኖሩን አልሰማሁም። ቄስ ወርቁ መስቀላቸውን በጎታው ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ደግሞ በእኔ ላይ አሳርፈው፣ «ክረምት ሳይገባ ይህን ጎታ የከፈተ፣ ያስከፈተ፣ ሲከፈት አይቶ ዝም ያለ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቃል የተገዘተ ይሁን!» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ከሁሉም ድምፅ ቀጭኑ የእኔ ነበር።

ልብ በሉ፤ «ክረምት ሳይገባ» ነው ያሉት። ቀን አልቆረጡም። «ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ» ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አላስለፈልፋችሁም ነበር። ክረምት መግባቱን የሚፈርደው ማነው? ያን ዕለት ይህን የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ዕለት ወዲህ ግን በቤታችን ሌላ ጥያቄ ጠፋ። ልጆቼ ብጣሽ ደመና ባዩ ቁጥር «አባዬ፣ ገባ?» ይሉኛል። የጎረቤት ላም ስትሸና ድምፁን ሰምተው «ገባ!» እያሉ ግር ብለው የወጡበት ጊዜ አለ። ሳቅሁ እንዳትሉኝ፤ ቀድሜያቸው የወጣሁት እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ትንበያ ፍለጋ ተነሣሁ። የመጀመሪያው የገበሬ ማኅበራችን ሬዲዮ ነበር። ሬዲዮኑ የሁላችንም ነው ይባላል፤ የሚታቀፈው ግን ሊቀ መንበራችን ጓድ ፈንቴ ነው። የሬዲዮኑ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ጓድ ፈንቴ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ሙቀት ሲያገኝ ትንሽ ነፍስ ይዘራልና። ስለዚህ የዝናብ ወሬ ለመስማት ፀሐይ መለመን ነበረብን። ሰማዩ ጥቁርቁር ባለ ቀን ሬዲዮኑ ጉሮሮው ተዘግቶ ይውላል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ደግሞ ድምፁ ይከፈትና «ዝናብ ይጠበቃል» ይለናል።

በዚያ ጥርት ባለ ቀን ከማኅበሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። በመጀመሪያ እንደ ደንቡ ተነሥተን፣ ክንዳችንን ወደ ላይ ወርውረን፣ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!» አልን። ተፈጥሮ እንዲያ የተቀየመችን ይህን ሰምታ ይመስለኛል። ከዚያ ጓድ ፈንቴ ቁልፉን አዞረው። «በመጪው ክረምት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል መደበኛ ዝናብ ይጠበቃል» አለ ሬዲዮኑ። «በአንዳንድ ሥፍራዎች ግን ዘግይቶ የሚገባና ከመደበኛ በታች የሆነ ዝናብ ሊኖር ይችላል።»

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት አያ ተገኘ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ያ አንዳንድ ሥፍራ የሚሉት አገር ከወዴት ነው?»

ጓድ ፈንቴ ጥቂት አሰበ። ሊቀ መንበር አላውቅም አይልም። «ስማዳ ነው» አለ።

ሁላችንም ተነፈስን። የሰው ክፉ አንወድም፤ ግን ከእኛ ስማዳ ይሁን። በሳምንቱ ገበያ የስማዳ ሰዎች አግኝቼ እንዴት ናችሁ ብላቸው፣ ለካ የእነሱ ሊቀ መንበር ያ ሥፍራ እስቴ ነው ብሏቸው ተጽናንተው ሰንብተዋል። እስቴዎችስ? ከተማቸው መካነ ኢየሱስ ደርሶ የመጣ ሰው እንደነገረኝ፣ እዚያ ደግሞ «ጋይንት ነው አሉ፤ ምስኪኖች» እየተባለ በእኛ ይታዘን ነበር። እንዲህ ተዛዝነን ሦስታችንም ደስ ብሎን ሰነበትን።

ሁለተኛው ተንባይ ንፋስ መውጫ ላይ ጨው የሚነግዱት ሐጂ ሰይድ ነበሩ። ንፋስ መውጫን የማታውቁ ካላችሁ፣ ነፋሱ ስሙን አያሳፍርም፤ ያጠራቀምነውን ደመና ሁሉ በዚያ በኩል ያስወጣዋል። ሐጂ ሰይድ ሬዲዮም ኮከብም አያምኑም፤ የሚያምኑት ጨዋቸውን ነው። ክረምት አፋፍ ላይ ሲደርስ ጨው ያልባል፣ ጆንያው ይረጥባል። እጃቸውን ከጆንያው ሥር ሰድደው አወጡና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

«ዳስሰው። ደረቅ ነው። ጨው ሳያለቅስ ሰማይ አያለቅስም። ሐምሌን ጠብቅ፣ ኢንሻአላህ።»

ደረቅ መሆኑን በምላሴም አረጋገጥሁ። ባዶ ሆድ ላይ ጨው ለካ ምግብ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ትንበያ ልጠይቅ እያልኩ እየሄድኩ ጨው ልሼ የምመለስ ሰው ሆንኩ። ሐጂ ሰይድም ገብቷቸው መሰለኝ፣ ስደርስ ሳልጠይቃቸው መዳፋቸውን ይዘረጉልኛል።

ሦስተኛው ራሳቸው ቄስ ወርቁ ናቸው። በጣታቸው አንጓ አበቅቴና መጥቅዕ ቆጥረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ዘመኑ ዮሐንስ ነው። ክረምቱ ይዘገያል፤ ከገባ ግን ይጸናል። ካልዘገየ ደግሞ ቀድሞ ይገባና ቶሎ ይወጣል። ሁሉም በፈቃደ እግዚአብሔር ነው» አሉኝ። እስከ ዛሬ ስህተት ያላገኘሁበት ትንበያ ይኸ ነው፤ ለምንም አልጠቀመኝም እንጂ።

ሦስቱንም ሳጠቃልላቸው ክረምቱ ይዘገያል የሚለው በለጠብኝ። በዚህ መካከል ቄስ ወርቁ የዜማ መምህራን ወዳሉበት ደብር፣ ወደ ቤተ ልሔም ሊሄዱ ሆነ። ዜማ ያስተማሯቸው የኔታ ሙት ዓመት ነበርና መቅረት አይሆንላቸውም። ከመነሣታቸው በፊት ግን በደጄ አለፉ።

«ጎታው እንደታሰረ ጥዬህ ልሂድ ወይ? ሰማዩ እንዴት ነው?»

«ኧረ ይሂዱ አባ! ሬዲዮኑ ይዘገያል ብሏል። የሐጂ ሰይድ ጨውም ገና አልረጠበም።»

ቄስ ወርቁ አንገታቸውን ነቀነቁ። «የነፍስ አባትህን በጨው ታሰናብታለህ?» አሉና ጥላቸውን ይዘው ሄዱ።

ጥላቸው ከጉብታው ማዶ ሲሰወር ጉና ጠቆረ። ማጋነን ልማዴ ነው፤ ይህን ግን አላጋነንኩም። ነፋሱ ቆመ፣ አንድ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች፣ ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ። ልጆቼ «ገባ! ገባ!» እያሉ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላሉ። በማግሥቱ አገሩ ሁሉ በሬውን ጠምዶ፣ ዘሩን በቁና ይዞ ወጣ። አያ ተገኘ እንኳ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በአንድ እጃቸው ዘር ይዘው ይበትኑ ነበር። እኔም በሬዎቼን ጠምጄ ማሳዬ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ዘር ግን የለኝም። ዘሬ ቤት ነው፣ የተገዘተ ነው፣ የገዘቱት ቤተ ልሔም ናቸው።

እናኑ ጎታውን ተደግፋ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«እናኑ፣ ክረምት ገብቷል እኮ።»

«ማን አለ?»

«ሰማዩ አለ! ምን ሌላ ምስክር ትሻለሽ?»

«አባ ካላሉ አልከፍትም። ልጆች አሉኝ። ግዝት ልጅ ላይ ይደርሳል።»

እኔም ጠበቃ ሆንኩ። ግዝቱ የታሰረው የጎታው አፍ ላይ ነው፤ ከሥር ብበሳውስ? አልኳት። አይጥ በጎን በኩል ስታንቆራቁር መስማቴንም ነገርኳት፤ አይጥ የነፍስ አባት ስለሌላት እሷ ትበላለች፣ እኛ ክርስቲያኖቹ እንራባለን፣ ይህ ፍርድ ነው ወይ? እናኑ እኔን ተወችና የአይጧን ቀዳዳ ፈልጋ በጭቃ ደፈነች። ክርክሬ ውጤት ያመጣው ለጎታው ነው። ዳቦ እንኳ ሳትቋጥርልኝ፣ ያልነበረውን ከየት ትቋጥር፣ ወደ ቤተ ልሔም መንገድ ጀመርኩ።

መንገዱን አልተርክላችሁም። ጭቃው አንድ እግሬን ለቀቅ ሲያደርግ ሌላውን ይይዛል። ወንዙ ሞልቶ እስኪጎድል ከዳሩ ተቀምጬ ዋልኩ። በየማሳው ያለው ገበሬ «እግዜር ይመስገን ገባልን! ዘራህ ወይ?» እያለ ይጮህልኛል፤ እኔም አፌ እንደመጣልኝ «አዎ» እላለሁ። ቤተ ልሔም ስደርስ ቄስ ወርቁ ከሊቃውንቱ መካከል ሆነው ቁመዋል፣ ዜማው ተይዟል። ዜማ የያዘን ቄስ እጅ ይዞ መሳብ አይቻልም። ጥጉ ላይ ጭቃዬን እያራገፍሁ፣ እያንዳንዱ «ሃሌ ሉያ» ሲረዝም ዘሬን እያሰብኩ፣ ቆምኩ። ሲወጡ እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

«አባ፣ ይፍቱኝ! አገሩ ዘራ፣ እኔ ቀረሁ!»

«ምኑን ልፍታህ?»

«ጎታውን!»

ገርመም አድርገው አዩኝ። «አንተ ሰው፣ እኔ ክረምት እስኪገባ ነው የገዘትሁ። ክረምት ከገባ ግዝቱ ራሱ ተፈቷል። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የመጣህ?»

ከመሬቱ አልተነሣሁም። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና ጎንበስ አሉ።

«ለመሆኑ ገብቷል?»

«ዘንቧል አባ።»

«ዘንቧል ወይ አላልኩህም። ገብቷል ወይ ነው ያልኩህ።»

«እኔ በምን አውቃለሁ አባ?»

«እንግዲህ ከገባ ተፈቷል፣ ካልገባ እንደታሰረ ነው። አንተ እወቅ» አሉኝና ለዝክሩ ተጠሩ። የኃጢአቴን ሸክም ያቀልልኛል ያልኩት ሰው የሰማዩን ጨምሮ አሸከመኝ።

ስመለስ ፀሐይ ጀርባዬን ትጠብሰው ጀመር። ወንዙ ጎድሎ በደረቅ ተሻገርኩት። ስሄድ እግሬን ሲይዘኝ የነበረው ጭቃ ስመለስ አቧራ ሆኖ ከኋላዬ ይነሣል። ቤቴ ስደርስ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነበር። ያ ዝናብ ክረምት አልነበረም፤ መንገደኛ ነበር። የጎረቤቶቼ ገብስ ግን ይህን በምን ይወቅ? ክረምት የገባ መስሎት በቀለ። አንድ ሳምንት ያህል አረንጓዴ ሆኖ ዓይን ያስለቅስ ነበር። ከዚያ ጫፉ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ተጠቀለለ፣ ከዚያ አፈሩን መሰለ። ያን ሁሉ ዘር መሬት በላችው። በአካባቢው ዘር ያለው ጎታ አንድ ብቻ ቀረ፤ የእኔው።

አሁን ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። ነቢይ ሆንኩ። ከሁሉ ቀድመው አያ ተገኘ መጡ፣ ዱላቸውን አጋድመው ተቀመጡ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። ምን ታይቶህ ነው ያልዘራኸው?»

«ኧረ ምንም አልታየኝም አያ ተገኘ! ተገዝቶብኝ ነው። አባ ቤተ ልሔም ሄደውብኝ ነው።»

«እሱስ ለሰው የሚነገረው ነው» አሉና ዓይናቸውን ጠቀስ አደረጉኝ።

ማን ይመነኝ? በዕድሜዬ ሁሉ ስዋሽ የሚያምነኝ አገር እውነት ስናገር ትሕትና ነው አለኝ። ወደ ሰማይ ካየሁ «አየ» ይባላል። ካላየሁ «ማየት አስፈርቶት ነው» ይባላል። አንገቴን ሳክ ያየ ሰው አንድ ቀን በሬዎቹን ወደ ቆላ ነድቶ ሄደ። ጓድ ፈንቴ ሳይቀር ጠርቶ፣ የአየሩን ነገር ለብቻ መያዝ ግለኝነት ነው፣ ለሰፊው ሕዝብ ብትገልጠው ይሻላል ብሎ ገሠጸኝ። አንዲት ጎረቤታችን በነጠላዋ ጫፍ ጥቂት ባቄላ ቋጥራ መጥታ፣ «ልጄን እስቴ ካሉት ዘመዶቼ ጋር ልስደደው ወይስ ላቆየው? ዝናቡ ይመጣል?» አለችኝ። የመጨረሻ ባቄላዋ መሆኑ ያስታውቃል። አላውቅም አልኳት፤ ባቄላዋንም መለስኩላት። «እሱም አላውቅም አለ፣ ባቄላዬንም መለሰልኝ፤ ጉድ ሊመጣ ነው» ብላ በማግሥቱ ልጇን ላከች። ከዚያ ወዲያ ማንንም አይቼ ለመሳቅ አልተቻለኝም።

ጎረቤቶቻችን ተመካክረው ወደ እናኑ መጡ። ክረምቱ ከገባ እፍኝ እፍኝም ቢሆን ዘር ታካፍለን እንደሁ ለመኑ። እናኑ ጎታውን አየች፣ ልጆቿን አየች። «ይገባ ብቻ! ለሁላችንም ይደርሳል» አለች። ከዚህ ወዲያ ጎታው የእኛ ብቻ መሆኑ ቀረ። በጠዋት የሚያልፍ ሰው ሁሉ በደጃችን ቆም ብሎ «እንዴት አደረ?» ይላል። የሚጠይቀው ስለ እኔ እንዳይመስላችሁ።

ሰኔ ሚካኤል በአቧራ ተከበረ። ቄስ ወርቁ ተመልሰው መጥተው ምሕላ ተያዘ፤ ታቦት ወጣ፣ እግዚኦ አልን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ። ሐምሌ ገባ፣ ክረምት ግን አልገባም። ቶሎ የሚደርሰው ነጭ ገብስ እስከ ሐምሌ ገብርኤል ቢዘራ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የተዘራ ለወፍ ነው። ልጆቼ «ገባ?» ማለት ተዉ። ትንሿ ልጄ የሺ መጫወትም ተወች፤ ከግድግዳው ተጠግታ ትተኛለች፣ ስትጠራ ዓይኗን ብቻ ታዞራለች። እናኑ አንድ ማለዳ ስታነሣት ክንዷን በሁለት ጣቷ ለካችና ለእኔ ሳታሳየኝ ሸፈነችው። እኔ ግን አየሁ።

ሥላሴ በዋለ በማግሥቱ ሬዲዮኑን ለመስማት ተሰበሰብን። የሚያሞቀው ፀሐይ ሞልቷልና ድምፁ ጥርት ብሎ ነበር። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስማችንን ጠራ። «በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴና በአካባቢያቸው ክረምቱ እጅግ የተዳከመ በመሆኑ፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት ዝናብ አይጠበቅም።» እኔ በሕይወቴ የአገሬን ስም በሬዲዮ ሰምቼ አላውቅም፤ አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። አጠገቤ ያለውም ሰው ፈገግ ብሎ ነበር። ያለው ነገር የገባን ቆይቶ ነው። አያ ተገኘ አንዳንድ ሥፍራ የት እንደሆነ ዳግመኛ አልጠየቁም።

ሐጂ ሰይድ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ደብረ ታቦር ሲሄዱ በመንገዳችን አልፈው ነበር። ጨዋቸው በአህያው ላይ ነበር። «ድንጋይ ሆኗል» አሉኝ፤ ሳልጠይቃቸው ጥቂት ቆንጥረው ሰጡኝ፣ አልላስኩትም። ቄስ ወርቁ አንጓቸውን ቆጥረው፣ ደግመው ቆጥረው፣ በዚህ ጊዜ «ወይም» ሳይሉ፣ «ዘንድሮ ክረምት አይገባም» አሉ። ወደ እኔም ዞሩ። ሁሉም ዞረ። እኔም ሰማዩን አየሁ፤ አንዲት ደመና የለችም። «አይዘንብም» አልኩ። በዚያ ዓመት ሬዲዮ፣ ጨው፣ ቄስና እኔ በአንድ ቃል ስንስማማ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከአራት አፍ አንድ ቃል ሲወጣ ማን ይጠረጥራል?

ቄስ ወርቁ ከእኔ ጋር እስከ ቤት መጡ። የሺን ጎንበስ ብለው አዩዋትና ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«ዘር ለሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ለዘር አልተፈጠረም» አሉ። «ፈትቼዋለሁ። ክፈቺውና ብሉ።»

እናኑ አልተንቀሳቀሰችም።

«አባ፣ ቢዘንብስ?»

«አይዘንብም ልጄ።»

«እርግጥ ነው?»

ቄስ ወርቁ እኔን አዩኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

እናኑ የእበቱን ምርግ በድንጋይ መታችው። ሲሰበር የወጣው ድምፅ ትንሽ ነበር፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ስፈራው የነበረ ነው። ጎረቤቶቻችንን አስጠራች። «ዘሩን አካፍላችኋለሁ ብዬ ነበር። እንደ ዘር ባይሆን እንደ ስንቅ አካፍላችኋለሁ» አለች። በበነጋው ሁላችንም እህል ፍለጋ ወደ ደብረ ታቦር ልንወጣ ተስማምተናልና፣ መንገድ ላይ ምጣድ የለም፣ ገብሱ በሙሉ መቆላት ነበረበት። ከቀትር ጀምሮ ስትቆላ ዋለች። አንድ እፍኝ ሳይቀር ቆላችው። ጎታውን ገልብጣ አራገፈችው፣ ከሥሩ የቀረችውን ፍሬ በጣቷ ለቅማ ምጣዱ ላይ ጨመረች። በየሰዉ ነጠላና ኩታ እየሰፈረች ደለደለችው። ከዚያ ሁላችንም ቤታችን ውስጥ ተደርድረን ተቀመጥንና በላን።

ምን ልበላችሁ፤ ይጣፍጥ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ገብስ አልበላሁም። የሚሰማው የጥርስ ድምፅ ብቻ ነው። የሺ ቀና ብላ ተቀምጣ አንድ አንድ ፍሬ ታነሣ ነበር። ያየኋት ጊዜ ደግ ሠራን አልኩ፤ በእውነት ደግ ሠራን አልኩ።

መጀመሪያ ድምፁን ስንሰማ ምጣዱ ላይ የቀረ ገብስ የሚፈነዳ መሰለን። ምጣዱ ግን ከወረደ ቆይቷል። ከዚያ በጣሪያው ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ። በሩ ሲጨልም ጓድ ፈንቴ ተነሥቶ ወደ ውጭ አየና ተመልሶ ተቀመጠ። ጉና የለም፤ ደመናው ውጦታል። ነፋስ የለም፣ ነጎድጓድ የለም። ዝም ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ መስከረም ሥራ እንዳለው ሰው ይዘንብ ጀመር። መንገደኛ ዝናብና ክረምትን መለየት አቅቶን ያን ሁሉ ወር የተከራከርን ሰዎች፣ ያን ጊዜ አንዳችንም ለመጠየቅ አልፈለግንም። ሁላችንም አወቅነው። እስከ ገብርኤልም ገና ቀን ነበረ።

ማኘኩ ቆመ። አያ ተገኘ ጉንጫቸው እንደሞላ ቀሩ። ጓድ ፈንቴ በኩታው ጫፍ የተሰፈረለትን ቆሎ ያያል፣ በሩን ያያል፣ እንደገና ቆሎውን ያያል። ቄስ ወርቁ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀረቀሩ። ይውጡት ይትፉት የሚያውቅ የለም። ውጭ የማሳችን አፈር ሲጠጣ ይሰማናል።

የሺ ከአፏ አንዲት ፍሬ አውጥታ በመዳፏ ላይ አስቀመጠች። በቀሚሷ ጫፍ አደረቀቻትና ለእናቷ አሳየቻት።

«እማዬ፣ ይች ትበቅላለች?»

እናኑ ፍሬዋን ከመዳፏ አነሣች፣ ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ አየቻት፣ ከዚያም መልሳ በልጇ አፍ ውስጥ አደረገቻት።

«ዋጪያት የኔ ልጅ» አለች።